ገብስ፣ ባቄላና ጎመን ለሕፃናት ገበታ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ገጠሮች

በሰሜን ሱሉልታን፣ በምዕራብ ሆለታን፣ በሰሜን ምሥራቅ ሰንዳፋን ይዞ አዲስ አበባን የከበበው ደጋ የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላና የአተር አገር ነው፤ የወተት ላምም አያጣም። መቀንጨር፣ ማለትም ልጅ በምግብ እጥረት ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ መቅረቱ፣ ግን ከዚህም አልጠፋም። በአገር አቀፍ ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ 37 በመቶ ወርደዋል። ይህም ቢሆን ከሦስት ልጆች ከአንድ በላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለው የመንግሥት ዕቅድ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያለመ ነው።

በከተማው ዙሪያ ትልቁ ፈተና የገበያው ቅርበት ነው። ወተቱ፣ እንቁላሉና የባቄላው እሸት ውሎ ሳያድር ወደ ከተማ ይጫናል፤ ለልጁ የሚቀረው ውሃ የበዛበት አጥሚት ነው።

የግብርና ልማትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚሰጡት ትምህርት ሁሉ ልብ የሚገባው የምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያው ነው። ሦስት እጅ ገብስ ወይም ጤፍ ከአንድ እጅ ባቄላ ጋር ይመጠናል፤ በእህሉ ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ባቄላው ይሞላዋል። ባቄላው ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ይላጣል፣ ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል፣ ከዚያ ይፈጫል። መዘፍዘፉ ብረትንና ዚንክን ይዞ ለሰውነት የሚከለክለውን፣ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ገንፎው ላይ ደቆ የተከተፈ ጎመን ወይም ካሮትና ጥቂት ዘይት ይገባል። በማንኪያ ሲነሣ ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። ሕፃኑ ወፍራሙን መዋጥ ከከበደው መጨመር ያለበት ውሃ ሳይሆን ጥቂት የገብስ ብቅል ዱቄት ነው፤ ብቅሉ ስታርቹን ሰባብሮ ገንፎውን ያላላዋል፣ የዱቄቱ መጠን ግን አይጎድልም። ለጠላ ብቅል ማብቀል የለመደች እናት ይህን ለመያዝ ጊዜ አይፈጅባትም።

ሕፃን እንደማይጾም የታወቀ ነው። ሆኖም ብዙ እናቶች ዕቃው እንዳይነካካ በመስጋት በጾም ወራት ለልጁ እንቁላልና ቅቤ ማብሰል ይተዋሉ። ለልጁ አንድ ትንሽ ድስትና ማንኪያ መለየት እምነቱን ሳይነካ ችግሩን ያቃልላል።

በማሳው በኩል የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የደጋ ገብስና የባቄላ ዝርያዎችን ሲያወጣ ኖሯል። ባቄላ አፈሩን በናይትሮጅን ያበለጽጋል፤ ቅጠሉን የሚያጨማድደው በሽታ ግን ብዙ ገበሬ አስመርሯል። ከተማው ሲሰፋ መሬት ለጠበበው ቤተሰብ የጓሮ ጎመን ቀሪው አማራጭ ነው።

ወደ ሠርቶ ማሳያው የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ብቻ ናቸው። አባቶችም መጠራት አለባቸው፤ ከባቄላው ስንቱ ይሸጥ፣ ስንቱ ለቤት ይቅር የሚለውን በብዙ ቤት የሚወስኑት እነሱ ናቸውና።