«ጸጉር አለው፣ አይበርደውም»፦ ትልቅ ውሻ ደጅ ለሚያሳድሩ

የታመመ ውሻ ይዞ እንስሳት ሐኪም ጋ የመጣ ሰው «የት ነው የሚያድረው?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «ግቢ ነው። ጸጉር አለው እኮ! ደግሞ የጀርመን ዘር ነው፣ የበረዶ አገር ውሻ። የአዲስ አበባ ብርድ ምን ያደርገዋል?» ከሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ ይልቅ ውሾችን የሚጎዳው ይህ አነጋገር ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ጸጉር በራሱ አያሞቅም። የሚያሞቀው በጸጉሩ መሃል የታፈነው አየር ነው። ጀርመን ሼፐርድ ድርብ ጸጉር አለው፦ ላይኛው ረዘምና ጠንከር ያለ፣ ሥረኛው ጥጥ የመሰለ። አየሩን የሚይዘው ሥረኛው ነው። በረዶ በሚጥልበት አገር ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሲሆን በረዶው ሳይቀልጥ ጸጉሩ ላይ ያርፋል፣ ውሻው ሲራገፍ ይረግፋል፣ ሥረኛው ጸጉር ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ሐምሌ ላይ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ያለ ውሻ ግን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመታዋል፣ ሳይደርቅ ይመሽበታል፣ ሌሊቱን ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ያነጋል። የረጠበ ጸጉር አየር አይይዝም፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ ያሸሻል። ስለዚህ 10 ዲግሪ ላይ የረጠበ ውሻ ከዜሮ በታች ካለ ደረቅ ውሻ የበለጠ ሊበርደው ይችላል። እዚህ ከተማ የውሻ ጠላት እርጥበት፣ ሊሾና ንፋስ ናቸው፤ በረዶ አለመኖሩ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። የበረዶ አገር ውሻ ክረምት ሲመጣ ጸጉሩን የሚያወፍረው በአብዛኛው የቀኑ ርዝመት ሲያጥር ሰውነቱ ምልክቱን ስለሚቀበል ነው። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሼፐርድ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እያረገፈ ይኖራል እንጂ ፎቶ ላይ የምታዩትን የጀርመን ካፖርት አይለብስም። ዶበርማን ደግሞ ሥረኛ ጸጉር የለውም ማለት ይቻላል፤ ቦርቦልም ጸጉሩ አጭር ነው። ግዙፍ መሆናቸው ዓይን ያታልላል።

ዝናብ በሰነበተ ቁጥር ጣታችሁን ከጭራው ሥር ከፍ ብሎ ወገቡ ላይ፣ እንዲሁም ከጆሮው ሥር አስገቡና እስከ ቆዳው ድረስ ዳብሱ። ላይ ላዩ ደርቆ ሥሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ፣ ጣታችሁም የኮመጠጠ ሽታ ይዞ ከወጣ፣ ቆዳው መላጥ ጀምሯል ማለት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀይ፣ የሚያዥ ቁስል ሊሆን ይችላል። ፎጣ ይዛችሁ ጸጉሩን ወደ ኋላ እየገለበጣችሁ አድርቁት፤ ከላይ ማበስ ብቻ አይጠቅምም።

«ክረምት ካለፈማ ብርድ የለም» የሚሉም አሉ። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ 7 እና 8 ዲግሪ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ከ5 በታች ይወርዳል። ክረምት ላይ ውሻውን ከውሽንፍር ማዳን ነው ሥራው፣ በበጋ ሌሊት ደግሞ ከቁርና ከንፋስ።

«ቤት ሠርቼለታለሁ፣ ሰፊ ነው» የሚለውን ስንሰማም መጀመሪያ የምንጠይቀው ስፋቱን አይደለም፤ ከምን እንደተሠራ ነው። አብዛኛው የውሻ ቤት አራት የቆርቆሮ ግድግዳ ከላይም ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ሙቀት አይይዝም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እጃችሁን አስገብታችሁ የጣሪያውን የውስጥ ፊት ዳብሱት፤ መዳፋችሁ ይረጥባል። ውሻው ሲተነፍስ ያደረው እንፋሎት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ መልሶ ጀርባው ላይ ሲንጠባጠብ አድሯል። ስፋቱም ቢሆን ጥቅም የለውም። ደጅ ያለ ውሻ ምድጃ የለውም፤ ቤቱን የሚያሞቀው የራሱ ገላ ነው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ክፍል በአንድ ውሻ አይሞቅም።

ትከሻው 62 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ሼፐርድ የቤቱ የውስጥ ልክ ይህ ነው፦ ርዝመት ከ105 እስከ 110፣ ወርድ 75፣ ቁመት ከ75 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር። ገብቶ ይዞራል፣ ይጠቀለላል፣ ቁጭ ይላል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። በሩ 48 ከፍታ በ32 ወርድ ይበቃል፤ ውሻው ትንሽ አጎንብሶ ይግባ። በሩን መሃል ላይ አታውጡት፤ ወደ አንዱ ጥግ ሲሆን ውሻው ንፋሱ የማይደርስበት ጥግ ይተርፈዋል። ከሥር 10 ሳንቲ ሜትር ደፍ ይኑረው፣ ጭዱ እንዳይፈስ። ግድግዳው በሞራሌ ማገር ላይ ከውስጥና ከውጭ ኮምፖርሳቶ፣ በመሃሉ 3 ሳንቲ ሜትር ፎም ይሁን። ፎሙን ሳይሸፍኑ መተው ስህተት ነው፤ ውሻ ይበላዋል። ከላይ ቆርቆሮ መምታት ይቻላል፣ ግን ከሥሩ ኮርኒስ ይኑረው፤ ጣሪያው ወደ ኋላ ያዘንብል፣ ከፊት ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ጣሪያው በማጠፊያ የሚከፈት ካልሆነ ቤቱ አይጸዳም። ከጣሪያው ሥር የአውራ ጣት ስፋት ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ይቅሩ፤ ድፍን አድርጋችሁ ከዘጋችሁት ያው እንፋሎት ይመለሳል።

ወለሉ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አራት ብሎኬት ይበቃል። አሁን መሃል ከተማ ያለ ግቢ አፈር የለውም፣ ሁሉም ሊሾ ወይም ንጣፍ ድንጋይ ሆኗል፣ ዝናብ ሲጥል ውሃው ላዩ ላይ ይሄዳል። የበሩን አቅጣጫ ለመወሰን የግቢውን ግድግዳዎች እዩ፦ ዝናብ ያጠቆረውና የድንጋይ ሽበት ያበቀለው ግድግዳ ውሽንፍር የሚመታው ስለሆነ በሩ ፊቱን ወደዚያ ግድግዳ ያዙር፤ ያኔ ውሽንፍሩ የሚመታው የቤቱን ጀርባ ነው። ለበር መጋረጃ ከከባድ መኪና ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ ከምንጣፍ ቁራጭ ይሻላል፤ ምንጣፍ ውሃ ይጠጣል።

«ብርድ ልብስ አንጥፌለታለሁ።» ክረምት ላይ ብርድ ልብስ ስፖንጅ ነው። ውሻው እርጥብ እግሩን ይዞ ይገባል፣ ጨርቁ ይጠጣል፣ ውሻው እርጥብ ላይ ይተኛል። ሰጋቱራም እንደዚሁ፣ በዚያ ላይ አቧራው አፍንጫው ውስጥ ይገባል። ድርቆሽ ቶሎ ይሻግታል። የሚያዋጣው የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ነው፤ አገዳው ክፍት ስለሆነ አየር ይይዛል፣ ውሃም ወደ ታች ያሳልፋል። የጤፍ ጭድም ይሆናል፣ ግን ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደለደላል፣ በብዛት ይፈልጋል። ውፍረቱ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ውሻው ቆፍሮ እንዲገባበት። ከመሃሉ አንድ ጭብጥ አንሱና ጨብጣችሁ ልቀቁት፤ ካልተዘረጋ ወይም እጃችሁን ካረጠበ ሁሉም ይውጣ። ክረምት ላይ በየሳምንቱ፣ በበጋ በየሦስት ሳምንቱ መቀየር ማለት ነው። ባዶ ሲሚንቶ ላይ የሚተኛ ትልቅ ውሻ ክርኑ ላይ እንቁላል የሚያክል ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል፤ ይህን ስታዩ መርፌ ከመፈለጋችሁ በፊት መኝታውን ቀይሩ።

«ከሰል አቀጥልለታለሁ፣ አምፖል አበራለታለሁ።» ከሰሉ በሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ይገድለዋል፣ አምፖሉ ጭዱን ያነደዋል። ሁለቱም አይደረጉም።

«አፍንጫው ከቀዘቀዘና ከረጠበ ጤነኛ ነው።» አይደለም፤ የአፍንጫ ቅዝቃዜና እርጥበት ብቻውን ስለ ጤና እርግጠኛ ነገር አይናገርም።

«በብርድ ውሃ አይጠማውም።» 35 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከቤተሰቡ በርሜል የእሱም ድርሻ ይቀመጥ፤ ከጣሪያ የወረደና የተጠራቀመ ውሃ አይጠጣ፣ የአይጥ ሽንት ይገባበታል።

«ወጥ ስሰጠው ይሞቀዋል፣ በርበሬው ደሙን ያፈላዋል።» ይህ ከባድ ስህተት ነው። የወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፣ ነጭ ሽንኩርትም አለበት፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። መብሰሉ መርዙን አያጠፋም። ለ30 ኪሎ ውሻ በአንድ ጊዜ 150 ግራም ሽንኩርት፣ ማለትም መካከለኛ አንድ ራስ ተኩል ያህል፣ አደገኛ ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ይጠራቀማል። ድዱ የነጣ፣ ሽንቱ ወደ ቡናማ የሄደ፣ ደረጃ መውጣት የሰነፈ ውሻ ብርድ የመታው ይመስላችኋል፤ ደሙ እያለቀ ሊሆን ይችላል። ደጅ የሚያድር ውሻ በእርግጥ በብርዱ ወራት አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ምግብ ይፈልጋል። ያልተቀመመ ቅንጬ ወይም ሩዝ ከሥጋና ከሞራ ጋር ቀቅሉለት፤ ለሁለት ከፍላችሁ ጠዋትና ማታ ስጡት። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ የቀኑን ሁሉ ምግብ አንድ ጊዜ ጠግቦ ሲሮጥ ጨጓራው ሊዞር ይችላል፣ ያ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ሰንሰለትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ውሻው እንጨቱን ደጋግሞ ሲዞር ሦስት ሜትር የነበረው ሰንሰለት እያጠረ ይሄዳል፣ የቤቱም በር ከዚያ ይርቃል። ሌሊቱን ቤቱን እያየ ዝናብ ሲመታው ያድራል። ማሰር ግድ ከሆነ ሽቦ ወጥራችሁ በላዩ የሚንሸራተት ቀለበት ላይ እሰሩት፣ ቤቱ ውስጥ ገብቶ መተኛት መቻሉንም ራሳችሁ አረጋግጡ።

«መንቀጥቀጡን ካቆመ ሞቆታል።» ደርቆና በልቶ ካቆመ እሺ። እርጥብ ሆኖ፣ ፈዝዞ፣ ሲጠሩት ጭንቅላቱን ሳያነሳ ካቆመ ግን ሰውነቱ ሙቀት ማምረት አቅቶታል ማለት ነው። ወደ ቤት አስገቡት። በደረቅ ፎጣ እየተጫናችሁ ውሃውን አውጡ፣ እግሮቹን አታፋትጉ። ሁለት ሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ አንዱን ብብቱ ሥር አንዱን ጭኑ መሃል አድርጉ፤ የፈላ ውሃ ግን ያቃጥለዋል። አረቄ አታጠጡት፤ የቆዳውን የደም ሥር ከፍቶ የቀረችውን ሙቀት ያስወጣታል። ከፋርማሲ የሚገዛ ዲጂታል ቴርሞሜትር ጫፉን ቫዝሊን ቀብታችሁ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በፊንጢጣው አስገቡ፣ እስኪጮህ ጠብቁ። የጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ37 በታች ካነበበ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ሃይላንዶቹን እንደያዘ ጠቅልላችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱት።