የትከሻና የላይኛው ክንድ ራጅ፦ አንድ ምስል ለምን አይበቃም?

ትከሻ ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ በሰፊው የሚንቀሳቀሰው ነው። ከትልልቆቹ መካከል ቶሎ ቶሎ የሚወልቀውም እሱ ነው። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው። የክንድ አጥንቱ ራስ ትልቅና ድብልብል ሲሆን የሚያርፍበት ጉድጓድ ግን ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው፤ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ ብርቱካን እንደማስቀመጥ በሉት። እንዳይንሸራተት የሚይዙት ጅማቶችና ዙሪያውን ያቀፉት አራት ጡንቻዎች ናቸው።

አጥንቶቹ ሦስት ናቸው። ክላቪክል ከደረት አጥንት ተነስቶ የትከሻ ጫፍ ይደርሳል። ስካፑላ ከጀርባ በኩል ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ነው፤ ጉድጓዱም የሚገኘው እሱ ላይ ነው። ሁመረስ ከትከሻ እስከ ክርን ይወርዳል። ራዲያል የሚባለው ነርቭ የሁመረስን ጀርባ ታክኮ ስለሚያልፍ፣ ክንዱ መሃል ላይ የተሰበረ ሰው እጁን ከአንጓው ቀና ማድረግ ሊያቅተው ይችላል። ይህ ራጅ ላይ አይታይም። ሐኪሙ ራሱ መመርመር አለበት።

ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ራጅ የሚነሳበትን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ራጅ በመሠረቱ ጥላ ነው። ከፊትና ከኋላ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ተደራርቦ ይወጣል። ስለዚህ ለጉዳት የሚነሳ ራጅ ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ መሆን አለበት።

ይህን ደንብ መዝለል የሚያስከፍለውን ዋጋ በደንብ የሚያሳየው ወደ ኋላ የወለቀ ትከሻ ነው። አብዛኛው ትከሻ የሚወልቀው ወደ ፊት ነው፤ ያንን መለየት አይከብድም። የሚጥል በሽታ ሲነሳ ወይም ኤሌክትሪክ ሲይዝ ግን ጡንቻዎቹ በአንዴ ይኮማተሩና የአጥንቱን ራስ ወደ ኋላ ይገፉታል። ከፊት በተነሳው ራጅ ላይ የአጥንቱ ራስ ቦታው ላይ ያለ ይመስላል። በሽተኛው «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል፤ ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ግን አይችልም። ከብብት በኩል ወይም ከጎን አንድ ምስል ቢጨመር ኖሮ ነገሩ ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር። ከጎን የሚነሳው ምስል በእንግሊዝኛው ፊደል «ዋይ» ይባላል። የስካፑላ ሦስት ክፍሎች ያንን ቅርጽ ይሠራሉ፤ ጤነኛ ትከሻ ላይ የአጥንቱ ራስ መገናኛቸው ላይ ይቀመጣል። ደግነቱ ክንድ ማንሳት አያስፈልገውም። የራጅ ባለሙያው የሚያዞረው ሰውነቱን ነው እንጂ የተጎዳውን ክንድ አይደለም።

ሁመረስ ተሰብሯል ተብሎ ሲጠረጠር ትከሻም ክርንም ፊልሙ ውስጥ መግባት አለባቸው። ልጆች ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። አጥንቱ የሚያድግበት መስመር ስብራት ሊመስል ይችላል። ከሁመረስ የርዝመት እድገት ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከላይኛው ጫፍ ነው።

የጡንቻና የጅማት መቀደድ በራጅ በቀጥታ አይታይም፤ ለዚያ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። የጨረሩ መጠን ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ሁለተኛ ምስል መጨመር የሚያስፈራ ነገር የለውም።

እኛ አገር ትከሻው የወለቀ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ስብራት መኖሩ ሳይታወቅ ክንድ መሳብ ግን ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። በተቻለ መጠን ራጁ ይቅደም። ትከሻው ከተመለሰ በኋላም ይደገም። አጥንቱ ሲወልቅ ከጉድጓዱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ራሱ ላይ ስርጉድ ያለ ምልክት ሊቀርበት ይችላል። ስርጉዱ ትልቅ ከሆነ ትከሻው ደጋግሞ ሊወልቅ ስለሚችል ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናን ሊያስብ ይችላል።