ዮጋ ለጎልማሶችና ለአዛውንት ወንዶች

ዮጋ ከጥንታዊት ሕንድ የመነጨ፣ የሰውነት አቋምን፣ አተነፋፈስንና ሐሳብን መሰብሰብን ያጣመረ ልምምድ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሴቶች ስፖርት አድርጎ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ በተደረገ ብሔራዊ የጤና ጥናት በዓመቱ ውስጥ ዮጋ ሠርተናል ያሉት ሴቶች 23.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ወንዶቹ 10.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀድሞው ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ለዘመናት ዮጋን ሲማሩም ሲያስተምሩም የኖሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ሕንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምሩ የነበሩት የዮጋ መምህር ክሪሽናማቻርያ፣ በላትቪያዋ ሪጋ ከተማ የተወለደችውን ኢንድራ ዴቪን በመጀመሪያ አላስተምርም ብለው መልሰዋት ነበር። የተቀበሏት የማይሶሩ ገዥ፣ ማሃራጃው፣ ጣልቃ ከገቡ በኋላ ነው።

ዕድሜው የገፋ ወንድ ከሁሉ በላይ የሚያመሰግነው ግን የእኚሁ መምህር ተማሪ የነበሩትን ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋርን (1918–2014) መሆን አለበት። በልጅነታቸው ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ ያደቀቃቸው እኚህ ሰው 95 ዓመት ኖረዋል። ትልቁ አስተዋጽኦዋቸው ወንበርን፣ ቀበቶን፣ የእንጨት ብሎክን፣ ብርድ ልብስንና ከግድግዳ የታሰረ ገመድን የልምምዱ አካል ማድረጋቸው ነው። በፑኔ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተው ተቋማቸው በእነዚሁ መሣሪያዎች ይታወቃል። እጁ የእግሩን ጣት መንካት ያቃተው የስድሳ ዓመት ሰው ቀበቶውን በውስጥ እግሩ አሳልፎ ሁለቱን ጫፎች ይይዛል፤ ወገቡ ሳይጎብጥ የታፋው የኋላ ጡንቻ ይሳባል። መተጣጠፍ የማይችል ሰው ዮጋ አይሆንለትም የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ያበቃል።

ጥቅሙ በተሻለ ሁኔታ የተጠናው በወገብ ሕመም ላይ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው መንገዶች መካከል ዮጋን ጠቅሷል። ከዚያ ቀደም ሲል በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ዮጋ የሠሩትንና ተራ የማሳሳብ እንቅስቃሴ የሠሩትን አነጻጽሮ ውጤታቸውን ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ዮጋን አያሳንሰውም። ረቂቅ ኃይል አለው እያሉ ለሚያሻሽጡት ግን መልስ ይሆናል።

ሌላው ጉዳይ ሚዛን ነው። የጡንቻ መጠን ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ በስተርጅና መውደቅ ደግሞ ዳሌ ይሰብራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንና ጥንካሬ የሚያዳብር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። ግድግዳ ተደግፎ በአንድ እግር መቆምም ሆነ መሬት ወርዶ መነሣት ለዚህ የተሰጠ ልምምድ ነው። ስግደት ያልተወ አረጋዊ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የወንዶች ብቻ በሆነው የፕሮስቴት ካንሰር ላይም ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ታይቷል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት አነስተኛ ጥናት፣ በጨረር ሕክምና ላይ ሳሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ ዮጋ የሠሩት ታካሚዎች ካልሠሩት ያነሰ ድካም ተሰምቷቸዋል፤ የወሲብ አቅማቸውም የተሻለ ነበር። የደም ግፊትንም ዮጋ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ክኒን ለማቆም የሚያበቃ ግን አይደለም።

የወንድ ትልቁ ጠላት እልኩ ነው። አጠገቡ ያለችው ወጣት እንደ ልቧ ስትታጠፍ አይቶ ሲንጠራራ ጅማቱን ይጎዳል። ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ጭንቅላት ወደ ታች ከሚያደርጉ አቋሞች መራቅ አለበት፤ የዓይን ግፊት ይጨምራሉና። አጥንቱ የሳሳበትም ጀርባውን አጉብጦ ወደ ፊት ማጠፍ የለበትም። ዝግ ባለ መልኩ የሚሠራ ዮጋ ልብን እምብዛም ስለማያሠራ፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ከእሱ ጎን መቀጠል ይኖርበታል።