ኤልያስም ዮናስም ሞትን ለመኑ

በዐቢይ ጾም ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ የንስሐ አባቶች ደጋግመው የሚሰሙት አንድ አቤቱታ አለ። «አባ፣ ለጸሎት እቆማለሁ፤ ልቤ ግን የለም። ዳዊቱን አነበንበዋለሁ እንጂ አልጸልየውም። ቅዳሴው ይረዝምብኛል። ምን ሆኜ ነው?» መልሱ ብዙ ጊዜ ፈጥኖ ይመጣል። አንዱ «ፈተና ነው፣ በርታ» ይላል፤ ሌላው «ቀዝቅዘሃልና ንስሐ ግባ» ይላል። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የደከመውን እንደ ቀዘቀዘ ሰው መገሠጽ የቆሰለውን መምታት ነው። የቀዘቀዘውን ደግሞ «ደክሞህ ነው፣ ዕረፍ» ብሎ መሸኘት በሽታውን ይዞ እንዲተኛ መፍቀድ ነው። ከዚህም የሚከብድ አለ፤ እግዚአብሔር በዝምታ እያደሰው ያለውን ሰው «ወደቅህ» ብሎ ማስደንገጥ።

ሁለት ነቢያትን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ኤልያስ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» አለ (1ኛ ነገ. 19፥4)። ዮናስ ነነዌ ከጥፋት በዳነች ጊዜ እንዲሁ ነፍሱ እንድትወሰድ ለመነ (ዮናስ 4፥3)። ሁለቱም ነቢያት ናቸው፤ ሁለቱም የተላኩበት ሥራ በዓይናቸው ፊት ተፈጽሞላቸዋል፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ሞትን ለመኑ። እግዚአብሔር ግን ለአንዱ እንጀራ ላከለት፤ ለሌላው ትል።

ኤልያስን ጠጋ ብለን እንየው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በቀርሜሎስ ተራራ ላይ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት ቆሞ እሳት ከሰማይ አውርዷል። ሦስት ዓመት የተዘጋው ሰማይ ዝናብ ሰጥቷል። ከዚያ በንጉሡ በአክዓብ ሠረገላ ፊት እስከ ኢይዝራኤል ሮጠ። ቀጥሎ የንግሥቲቱ የኤልዛቤል ዛቻ ደረሰው፤ ወደ ቤርሳቤህ ሸሸ፤ ብላቴናውን እዚያ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ በረሃ ገባ። ብላቴናውን የተወባት ቦታ ልብ ልትባል ይገባል። የዛለ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሰው ያስቀራል። ቀጥሎም ብቻውን እንደ ቀረ ያምናል። «እኔም ብቻዬን ቀርቻለሁ» አለ፤ የአክዓብ ቤት አዛዥ አብድዩ ግን መቶ ነቢያትን አምሳ አምሳ አድርጎ በዋሻ እንደ ሸሸገ አስቀድሞ በአፉ ነግሮት ነበር። ኤልያስ አልዋሸም፤ ድካም የሰማውን አስረሳው።

እግዚአብሔር ታዲያ ምን አደረገ? አልገሠጸውም። «በቀርሜሎስ ያየኸውን ረሳህን?» አላለውም፤ እኛ ብንሆን እንል ነበር። ተኛ፤ መልአኩ ዳስሶ ቀሰቀሰው፤ በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ፤ በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው፤ ያውም አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ። መጀመሪያ እንቅልፍና ምግብ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ በመጨረሻም ሥራና ባልንጀራ፤ ኤልሳዕን እንዲቀባው ታዘዘ፤ ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉም ተነገረው። ይህን ቅደም ተከተል እኛ ብዙ ጊዜ ገልብጠን እንይዘዋለን። የዛለውን አገልጋይ ከእንቅልፉ በፊት በጥያቄ እናጣድፈዋለን።

ዮናስስ? በጾመ ነነዌ በየዓመቱ የምንሰማው ታሪክ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ከዓሣ አንበሪው ሆድ ሲወጣ ታሪኩ ያለቀ ይመስለናል። ምዕራፍ አራት ላይ ዮናስ ደክሞ አይደለም ሞት የለመነው፤ ተቈጥቶ ነው። ከ120,000 ሰው በላይ ያለባት ከተማ ከጥፋት ዳነች፤ ያስቈጣውም ይኸው ነበር። እግዚአብሔር ቅል አብቅሎ ጥላ አደረገለት፤ ዮናስም በጥላው እጅግ ደስ አለው። ዐረፈ እንግዲህ። ቅሉ በማግስቱ ትል መትቶት ሲደርቅ ግን ያው ዮናስ ነበር፤ ያው ቍጣ፣ ያው የሞት ልመና። ጥላው ሰውነቱን አቀዘቀዘለት እንጂ ልቡን አልነካውም። ስለዚህ እግዚአብሔር ለዮናስ እንጎቻ አልላከለትም፤ «በውኑ ትቈጣ ዘንድ ይገባሃልን?» ብሎ ጠየቀው።

ለራሱ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ የሚያገኘው መለያ ግልጽ ነው። ዐርፈህ፣ ተኝተህ፣ በልተህ እየው። ከዕረፍቱ በኋላ ልብህ ወደ ጸሎት መልሶ ከዞረ የኤልያስ ድካም ነበረብህ፤ ሥጋህን ከአቅሙ በላይ አሠርተኸዋል። ዐርፈህም የወንድምህ መልካም ነገር ካሳመመህ፣ ሌላው ሲመሰገን ፊትህ ከጠቈረ፣ የበደለህ ሰው ንስሐ መግባቱ ካላስደሰተህ ግን ተጨማሪ ዕረፍት አያድንህም። ወደ ንስሐ አባትህ ሂድና ድካምህን ሳይሆን ቂምህን ንገረው።

ድካምና መታደስ ተቃራኒዎች ናቸው ብለን ማሰባችን ደግሞ ሌላ ስሕተት ውስጥ ይከተናል። ቅዱስ ጳውሎስ «የውጭው ሰውነታችን ቢጠፋ እንኳ የውስጡ ሰውነታችን ዕለት ዕለት ይታደሳል» አለ (2ኛ ቆሮ. 4፥16)። በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ። በአንጻሩ ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን የተጻፈውን እንመልከት፤ «ስለ ስሜም ብለህ ጸንተህ አልደከምህም» ይላታል፤ ቀጥሎ «የቀደመውን ፍቅርህን ትተሃልና» ብሎ ይነቅፋታል (ራእይ 2፥3-4)። ጳውሎስ ደክሞ እየታደሰ ነው፤ ኤፌሶን ሳትደክም ባዶ ሆናለች። እኔ እንደማየው በየአጥቢያው የሚያስፈራው ከደከመው ይልቅ ይህ ያልደከመው ነው። ከኪዳን አይቀርም፣ ከሰበካ ጉባኤ ስብሰባ አይጎድልም፣ የንግሥ በዓል ያለ እርሱ አይደምቅም፤ ቤቱ ሲገባ ግን ልጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ማንም «ምን ሆነሃል?» አይለውም፤ ምክንያቱም ምንም የሆነ አይመስልም።

ሌላው ደግሞ አለ። ለዓመታት ከበሮ ሲመታ የኖረ መዘምር ከፊተኛው ረድፍ ወጥቶ ነጠላውን አጣፍቶ ከምእመናን መካከል ይቆማል። ወንጌል ሲነበብ ያዳምጣል፤ ቀድሞ በዚያ ሰዓት ስለ ቀጣዩ መዝሙር ያስብ ነበር። ለዓመታት ያኰረፈውን ወንድሙን ሄዶ ታርቋል፤ ለማንም አላወራም። ጸሎቱ አጭር ሆኗል፤ እንባ የለውም፣ ሙቀት የለውም፤ ግን ሲጸልይ የሚለውን ያውቃል። ጓደኞቹ «እገሌ ቀዘቀዘ» ይላሉ። እኔ ግን ታደሰ እላለሁ። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔርን በመተማመን የሚጠባበቁት ኃይላቸውን እንደሚያድሱ ሲናገር በንስር ክንፍ መውጣትን አስቀደመ፣ መሮጥን አስከተለ፣ በመጨረሻ ያስቀመጠው ግን መሄድን ነው (ኢሳ. 40፥31)። ሳይደክሙ መሄድ ከመብረር በኋላ የመጣው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

የግብፅ በረሃ አባቶች በአራተኛው መቶ ዘመን ይህን የስልቹነት ፈተና በሰዓት ለይተው ያውቁት ነበር። በመዝሙር «የቀትር ጋኔን» የተባለው (መዝ. 90፥6) መነኩሴውን ከ4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ይከብበዋል ይሉ ነበር፤ የእነርሱ የሰዓት አቈጣጠር ከእኛው ጋር አንድ ነው። መነኩሴው ከበዓቱ ብቅ እያለ ፀሐይዋን ያያል፣ 9 ሰዓት ስንት ቀረው ይላል፣ የሚጠይቀው ወንድም ይመጣ እንደሆነ መንገዱን ይመለከታል፣ ቀጥሎ ቦታውን ይጠላል፣ ቀጥሎ ወንድሞቹን። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የጾመ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። መለያው እዚህም አለ። ድካም መቀመጥ ይፈልጋል፤ ይህ መንፈስ ግን ሌላ ቦታ መሄድ ይፈልጋል። ሌላ ደብር፣ ሌላ ማኅበር፣ ሌላ ሰባኪ፤ «እዚያ ብሄድ ልቤ ይመለስ ነበር» ያሰኛል።

አባታችን እንጦንስ ይህ ስልቹነት ሲይዘው «ጌታዬ፣ መዳን እወዳለሁ፤ አሳቤ ግን አልተወኝም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ለመነ። ወጣ ሲል እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ሲሠራ፣ ከሥራው ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ደግሞ ለጸሎት ሲነሣ አየ። መልአክ ነበረ። «እንዲህ አድርግ፤ ትድናለህ» አለው። «ሁለት እጥፍ ጸልይ» አላለውም፤ «ጸሎትህን ተው»ም አላለውም። እጁ ሲሠራ አሳቡ ዐረፈ፤ አሳቡ ሲያርፍ ጸሎቱ ተመለሰለት።

በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን ግን ከዚህ ሁሉ ተለይታ መታየት አለባት። ከንጋት ጀምራ ቆማ ውላ፣ ሁሉም ሲተኛ ስልኳን ከፍታ ውዳሴ ማርያም ትጀምራለች፤ የዕለቱን ሳትጨርስ ስልኩ ደረቷ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይጥላታል። ጠዋት ስትነሣ ኃጢአት የሠራች ያህል ታለቅሳለች። እኅቴ፣ ያ እንቅልፍ ነው። ጌታ በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱን ከኀዘን የተነሣ ተኝተው ሲያገኛቸው (ሉቃ. 22፥45) «መንፈስስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው» አላቸው እንጂ አላባረራቸውም። አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልብ ብለሽ ተኚ።

እንቅልፍ ጭራሽ እንቢ ካለ፣ ምግብ ከተዘጋ፣ የሞት አሳብ ደጋግሞ ከመጣ ደግሞ ለንስሐ አባት ከመንገር ጋር ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል (38፥1)፤ ጠበሉና ሐኪሙ አይጣሉም።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ዕረፍትን በሥርዓቷ ውስጥ አስገብታዋለች። ከ55ቱ የጾም ቀናት በኋላ በበዓለ ኃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ አይሰገድም። በእነዚህ ቀናት ጾሙ ቀረብኝ ብሎ የሚሸበር ሰው አጋጥሞኛል። ሥርዓቱን የሠሩ አባቶች ግን የሰው ሥጋ ከምን እንደ ተሠራ ያውቁ ነበር።

የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች የሆናችሁ 1ኛ ሳሙኤል 30ን አንብቡት። ዳዊት ከ600 ሰዎች ጋር ጠላትን ሲያሳድድ 200ዎቹ ከድካም የተነሣ የቦሦርን ወንዝ መሻገር አቅቷቸው ከዕቃው ጋር ቀሩ። ድሉ በተገኘ ጊዜ አንዳንዶች «ከእኛ ጋር አልሄዱምና ከምርኮው አንሰጣቸውም» አሉ። ዳዊት እንቢ አለ፤ ወደ ሰልፍ የወረደውና ዕቃ የጠበቀው እኩል እንዲካፈሉ ለእስራኤል ሥርዓት አደረገው። እናንተም መዘምሩ «ደከመኝ» ሲላችሁ ስሙን ከመዝገብ አትሰርዙ። ለጥቂት ወራት ከመድረክ አውርዱት፤ የደንብ ልብሶቹን ይጠብ፣ የመጻሕፍቱን መደርደሪያ ይያዝ፣ ልምምድ ሲኖር ከኋላ ተቀምጦ ይስማ። ስሙም ሲጠራ ከመዘምራኑ ጋር ይጠራ።