«ደግ ልብ ካለሽ ይበቃል» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ከካቶሊክ ሲስተሮች ጋር በበጎ ፈቃደኝነት መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ቤቱ ጠያቂ የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን የሚኖሩበት ነው። አዲስ የሚመጡትን በጎ ፈቃደኞች ተቀብዬ ሥራ የማስለምደው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰው ስለዚህ ሕይወት ምን እንደሚያስብ በየወሩ እሰማለሁ። ሰዉ ይቀያየራል፣ አባባሉ ግን ያው ነው። አንዳንዱ ቀላል ስህተት ነው፣ በሁለት መስመር ያልቃል። አንዱ ግን ሰው ይጎዳል። እሱ ላይ ቆየት እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሲስተሮች ከገዳም አይወጡም።»

የማይወጡ አሉ። ጥሪያቸው ጸሎት ነው። ድሆችን የሚያገለግሉት ግን በአብዛኛው ሌላ ዓይነት ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ የሆነች ሴት ከቅጥር እንዳትወጣ ሕጉ ያስገድድ ነበር። ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖልና ቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ በ1633 ፓሪስ ላይ ዛሬ «ዶተርስ ኦፍ ቻሪቲ» የሚባሉትን ሲያሰባስቡ መላ ዘየዱ። እናንተ መነኮሳት አይደላችሁም አሏቸው። ገዳማችሁ የሕሙማን ቤት ነው፣ ክፍላችሁ የኪራይ ቤት ነው፣ ጸሎት ቤታችሁ የቁምስናው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቅጥራችሁም የከተማው መንገድ ነው። እስከ ዛሬም መሐላቸውን በየዓመቱ ያድሳሉ።

«ትዳር ያልቀናት ናት የምትገባው።»

የቤተ ክርስቲያኗ ሕግ ቢያንስ 12 ወር የተመክሮ ጊዜ ይጠይቃል። ከዚያ ቢያንስ 3 ዓመት ጊዜያዊ መሐላ አለ። የዘላለም መሐላ የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ኩርፊያ ይህን ያህል አያስኬድም። ሉዊዝ ራሷ ባል የሞተባት የልጅ እናት ነበረች።

«ድህነትን ምለው ማኅበሩ እንዴት ገንዘብ ይኖረዋል?»

የግል ንብረት የሌላት ሲስተሯ ናት። ደመወዝ ካላት ለማኅበሩ ታስገባለች። የሕሙማኑ መድኃኒት የሚገዛው ከዚያ ነው።

«ይህ የመነኮሳት ሥራ ነው።»

ይህን የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ ላለመምጣት ምክንያት የሚፈልጉ ናቸው። ፍሬደሪክ ኦዛናም መነኩሴ አልነበረም፣ ተማሪ ነበር። በ1833 ፓሪስ ላይ በአንድ የክርክር መድረክ «እናንተ ካቶሊኮች ዛሬ ምን እየሠራችሁ ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። ጥያቄው ቆረቆረው። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ተሰብስበው ድሆችን በየቤታቸው መጠየቅ ጀመሩ። ያኔ ገና 20 ዓመቱ ነበር። የት ቤት እንደሚሄዱ፣ ምን ይዘው እንደሚሄዱ ያሳየቻቸው ሲስተር ሮዛሊ ራንዱ ናት። የችግረኞቹን ዝርዝርና የዳቦ ኩፖን የሰጠቻቸውም እሷ ናት። ኦዛናም በኋላ አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ ሶርቦን አስተማረ። በ40 ዓመቱ ሞተ። የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር የሚባለው የምእመናን ማኅበር የእነዚያ ተማሪዎች ሥራ ነው።

ጁዜፔ ሞስካቲ የኔፕልስ ሐኪም ነበር፣ ምእመን። ድሆችን በነፃ ያክም ነበር። ዶሮቲ ዴይ አሜሪካዊት ጋዜጠኛና ልጇን ብቻዋን ያሳደገች እናት ነበረች። በ1933 ከፒተር ሞሪን ጋር በአንድ ሳንቲም የሚሸጥ ጋዜጣ ጀመረች። ቤት ለሌላቸው በሯን ከፈተች። ድሆችን የሚያገለግለውን የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር በ1968 ሮም ላይ የጀመረው የ18 ዓመት ተማሪ ነው። አንዳቸውም ቆብ አልደፉም።

«ደግ ልብ ካለሽ ይበቃል።»

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው። አዲስ ከሚመጡት አብዛኞቹ ይህን ይዘው ነው የሚመጡት። የሁለት ቀን ሥልጠና አለ ስላቸው ፊታቸው ይቀየራል። «ሰው ለመርዳት ደግሞ ሥልጠና ምን ያደርጋል?» ይሉኛል።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንቴ አንድ ሽማግሌ ምሳ እንዳበላ ተነገረኝ። ስትሮክ የመታቸው ሰው ነበሩ። አንጀቴን በሉት። ማንኪያውን ሞላ ሞላ እያደረግኩ ቶሎ ቶሎ አጎረስኳቸው። ትራሳቸውን እንኳ ቀና አላደረግኩም። በአራተኛው ማንኪያ ትን አላቸው። ፊታቸው ጠቆረ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። እኔ ማንኪያዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። አንዲት ትልቅ ሲስተር ከወዲያኛው አልጋ ሮጠው መጡ። ወደ ፊት ጎንበስ አድርገው ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉላቸው። ሲረጋጉ ትራስ ከኋላቸው ደረደሩ። አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አደረጉ። ከዚያ የሻይ ማንኪያ አንሥተው ግማሹን ብቻ ሞሉ። አጎረሷቸውና ጉሮሯቸውን እያዩ ጠበቁ። ሲውጡ ሌላ። ያ ምሳ 40 ደቂቃ ፈጀ። በኋላ ሳህኑን እያጠቡ፣ «ልጄ፣ አንቺ አዝነሽላቸው ነው» አሉኝ። «ጉሮሯቸው ግን ይህን አያውቅም።»

ይህ የሲስተሯ የግል ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። የመጣው ከሩቅ ነው። በኦገስት 1617 ቪንሴንት ሻቲዮን በምትባል ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ቆሞስ ነበር። አንድ እሑድ ለቅዳሴ ሲዘጋጅ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ቤተሰብ በሙሉ አልጋ ላይ መውደቁን ነገሩት። አስታማሚ የላቸውም። በስብከቱ ላይ ይህን አነሣ። ከሰዓት በኋላ ሊጠይቃቸው ሲሄድ መንገዱ በሴቶች ተሞልቷል። ገሚሱ ምግብ ይዞ ይሄዳል፣ ገሚሱ አድርሶ ይመለሳል። ሙቀቱ በርትቶባቸው መንገድ ዳር አረፍ ያሉም ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ያለቅስ ነበር። እሱ ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ምግብ በአንድ ቀን ገባ። ገሚሱ ይበላሻል። ነገስ ምን ሊበሉ ነው? ርኅራኄው ሞልቷል፣ ሥርዓቱ ግን የለም።

ስለዚህ ሴቶቹን ሰብስቦ ማኅበር አቋቋመላቸው። ተራ ወጣ፣ ገንዘብ ያዥ ተመረጠች፣ ደንብ ተጻፈ። ለአዲሶቹ ሁሉ የማነብላቸው ያንን ደንብ ነው። ተረኛዋ ምሳውን አዘጋጅታ ትወስዳለች። በሽተኛውን በደስታና በፍቅር ሰላም ትለዋለች። አልጋው ላይ ማዕድ ታሰናዳለች፣ ጨርቅ ታነጥፋለች፣ እጁን ታስታጥበዋለች፣ ሥጋውን ትቆርጥለታለች። ቀጥሎ ያለው ነው ሁልጊዜ የሚያቆመኝ። ጉብኝቷን አስታማሚ ካለው በሽተኛ ትጀምር፣ ብቻውን ያለውን መጨረሻ ታድርገው ይላል። ለምን? ከእሱ ጋር ረዘም አድርጋ እንድትቀመጥ። ደግነት እስከዚህ ድረስ ይታሰብበታል። ማን ጋ ቀድሜ ልግባ እስከሚለው ድረስ።

ማዘር ትሬዛም በደግነቷ ብቻ አልወጣችም። በ1948 ቀድሞ ከነበረችበት ከሎሬቶ የሲስተሮች ማኅበር ስትለይ መጀመሪያ የሄደችው ሕንድ ውስጥ ፓትና ወደምትባል ከተማ ነው፣ የሕክምና ሲስተሮች ጋ። መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ ሕመምተኛ መያዝ ተማረች። ለወደፊት እህቶቿ ያሰበችው ምግብ ሩዝና ጨው ብቻ ነበር። እዚያ ያሉት ሲስተሮች ፊት ለፊት ነገሯት። በዚህ አመጋገብ የሚሠሩ ልጆች ራሳቸው ታመው ይወድቃሉ፣ ድሆቹን ማን ሊያገለግል ነው? ሰማቻቸው።

በሃዋይ ያለችውን የሞሎካይ ደሴትንም ተመልከቱ። አባ ዳሚያን በ1873 የሥጋ ደዌ ሕሙማን ወደተጣሉበት ወደዚያ ሄደ። በሽታው ያዘውና በ1889 በ49 ዓመቱ ሞተ። ለእሱ ያለኝ ክብር ወደር የለውም። ከእሱ ቀጥሎ ሥራውን የተረከበችው እናት ማሪያን ኮፕ ግን የሆስፒታል አስተዳዳሪ የነበረች ሴት ናት። እጅ መታጠብን እንደ ሃይማኖት ነበር የምትይዘው። ማንም አይያዝም ብላ ለእህቶቿ ቃል ገባች። አንዲትም አልተያዘችም።

ስለዚህ ወደእንዲህ ዓይነት ቤት ለመምጣት ካሰባችሁ ስሙኝ። ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፣ ስትወጡም እንደዚያው። ሳትጠይቁ ማንንም አታጉርሱ። ከረሜላ ይዛችሁ አትምጡ፣ ስኳር ያለባቸው አሉ። ተኝቶ ያለን ሰው ፎቶ አታንሡ። «እመለሳለሁ» ካላችሁ ተመለሱ፤ ካልቻላችሁ አትበሉ። የሚጠብቅ ሰው ቀን ይቆጥራል።

«ድሀን ያሰንፋሉ።»

አባ ፔድሮ ኦፔካ አርጀንቲናዊ ካህን ነው፣ ቪንሴንት ራሱ ከመሠረተው የካህናት ማኅበር። በ1989 ማዳጋስካር ውስጥ አንታናናሪቮ የቆሻሻ መጣያ ላይ ይኖሩ ከነበሩ ሰዎች ጋር ሥራ ጀመረ። ከአባቱ የተማረው ግንበኝነት ነበር። ሰዎቹ ድንጋይ ፈለጡ፣ ቤታቸውን በእጃቸው ሠሩ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ። በሌላ በኩል መሥራት የማይችል ሰው አለ። የእኛ ቤት አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው። እሱን ማጉረስ ማሰነፍ አይደለም።

«ድሆችን የሚያገለግል ሰው አይጠረጠርም።»

ይህም አደገኛ ነው። ዣን ቫኒዬ በ1964 የአእምሮ እድገት ውስንነት ካላቸው ሰዎች ጋር አብሮ የሚኖር ማኅበር መሠረተ፣ ላርሽ ይባላል። ዓለም እንደ ቅዱስ ያየው ነበር። በ2019 ሞተ። በ2020 ማኅበሩ ራሱ ያስጠናው ምርመራ ሴቶችን በወሲብ ሲበድል እንደነበር አረጋገጠ። ማኅበሩ አልደበቀውም፣ ለዓለም ተናገረው። እኛ ቤት ከሕሙማን ጋር በር ዘግቶ ብቻውን የሚቀመጥ በጎ ፈቃደኛ የለም። ይህን ስናገር የሚከፋው አለ። ይክፋው።

«መሥራቾቹ በሕይወት ሳሉ ተከብረው ነው የኖሩት።»

ዣን ዡጋን በ1839 ክረምት አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ወደ ቤቷ አመጣች። የራሷን አልጋ ሰጠቻት። የድሆች ታናናሽ እህቶች ማኅበር ከዚያ በቀለ። ቅርጫት ይዛ በየቤቱ እየለመነች አሳደገችው። አንድ ካህን ግን መሥራቹ እኔ ነኝ ብሎ ከኃላፊነት አስወገዳት። የመጨረሻዎቹን 27 ዓመታት ከወጣት ጀማሪዎች ጋር ኖረች። ልጆቹ ከመሥራቿ ጋር እንደሚኖሩ አያውቁም ነበር።

«ሙሉ ሕይወቴን ካልሰጠሁ ምን ዋጋ አለው?»

አለው። አንድ ቀን ምረጡ፣ ቀኑን ለሲስተሯ ንገሩ፣ ያን ቀን ተገኙ። እኔ ሐሙስን መረጥኩ። እነዚያ ትን ያላቸው አባባ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። ሐሙስ ሐሙስ የማበላቸው እኔ ነበርኩ፣ በሻይ ማንኪያ፣ በግማሽ። መናገር አይችሉም ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ግን ያዩኛል፣ ከዚያ አገጫቸውን ራሳቸው ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው ይጠብቁኛል።