ከማሽኑ በፊት የሚገዙ መሣሪያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የብረት ወይም የእንጨት ሥራ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ብየዳ ማሽን፣ ግራይንደርና ድሪል ነው። ማሽኖቹ እንደሚያስፈልጉ አያከራክርም። ይሁን እንጂ በር ልኩን የሚስተው፣ ቀዳዳ ቦታውን የሚለቀው፣ ብሎን አልገባ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በማሽኑ ጥፋት አይደለም። የሚይዝ፣ የሚያመለክትና የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ስለጠፋ ነው። ስለ እነዚህ መሣሪያዎች ከሚነገሩት አባባሎች ብዙ ዕቃ የሚያበላሹት የሚከተሉት ናቸው።

«ሞርሳ የትልቅ ጋራዥ ዕቃ ነው፤ ብረቱን በእግር ረግጬ እቆርጠዋለሁ»

ሞርሳ ብረትን በሁለት መንጋጋ ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ ነው። በደንብ ያልተያዘ ብረት ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቃጤው የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ ጥርስ ያራግፋል፣ ፑንታ (ድሪል ላይ የሚገባውን መብሻ) ይሰብራል። ከሁሉም የከፋው ቀጭን ላሜራ በእጅ ይዞ መብሳት ነው። ፑንታው ከሥር ብቅ በሚልበት ቅጽበት ላሜራውን ነክሶ አብሮት ያዞረዋል፤ እጅ የሚቆረጠውም ያኔ ነው። ለአነስተኛ ወርክሾፕ ከ100 እስከ 125 ሚሊሜትር የመንጋጋ ስፋት ያለው ሞርሳ ይበቃል። ጠረጴዛውን አልፎ በሚወጣ ብሎን፣ ከሥር በሮንዴላና በዳዶ ይታሰር። የመንጋጋው ጫፍ ከሠራተኛው ክርን ጋር እኩል ከሆነ ሴጌቶ መሳብም ሆነ መሞረድ ወገብ አይጎዳም። የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ይበል፤ አለበለዚያ ረጅም ብረት በቁሙ ማሰር አይቻልም። እጀታው ላይ ቱቦ አስገብቶ ማጥበቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የብዙ ሞርሳ አካል በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ሳይጎብጥ ይሰነጠቃል።

«ጥሩ ድሪል ካለ ምልክት መምታት ጊዜ ማጥፋት ነው»

የፑንታን ጫፍ ቀረብ ብለው ቢያዩት ሹል ነጥብ አይደለም፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው። ይህ ጠርዝ ብረቱን ይፈጫል እንጂ አይቆርጥም። ስለዚህ ማረፊያ ካላገኘ ይንሸራተታል፤ ድሪሉ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን። ማረፊያውን የሚሠራለት ሴንተር ፓንች ነው፤ በመዶሻ ተመትቶ ብረቱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ የሚያወጣ ሹል ዘንግ። ሁለት የተሻገሩ መስመሮች በመጫሪያ ይጫሩ፤ ፓንቹን መገናኛቸው ላይ አቁመው መጀመሪያ ቀስ ብለው ይምቱ። ከመስመሩ ከወጣ ፓንቹን ዘንበል አድርገው ወደ ቦታው ይመልሱት፤ ከዚያ በኋላ ጠንከር አድርገው ይምቱ። ለ10 ሚሊሜትር ቀዳዳ አስቀድሞ በ3 ወይም በ4 ሚሊሜትር መብሳት ያስፈልጋል። በተራ ብረት ላይ የ10 ሚሊሜትር ፑንታ ተስማሚ ፍጥነት በደቂቃ 800 ዙር ገደማ ሲሆን የ5 ሚሊሜትሩ እጥፍ ይችላል። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ግሎ ተቃጥሏል፤ እንደገና ካልተሳለ አይቆርጥም።

«ስኳድራና ውሃ ልክ አዲስ ከሆኑ ልክ ናቸው»

ስኳድራ የ90 ዲግሪ ማዕዘን፣ ውሃ ልክ ደግሞ በአረፋው አግድም ልክነትን ማረጋገጫ ነው። አዲስ ስለሆኑ ማመን በጣም ውድ ያስከፍላል፤ የሚፈተነው ደግሞ በአንድ እርሳስ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ስኳድራውን አስደግፈው 30 ሴንቲሜትር መስመር ያስምሩ። ስኳድራውን ገልብጠው ከዚያው መነሻ ነጥብ ሁለተኛ መስመር ያስምሩ። ሁለቱ ከተደራረቡ ስኳድራው ደህና ነው። ጫፋቸው ላይ 2 ሚሊሜትር ከተራራቁ ስህተቱ የዚያ ግማሽ፣ ማለትም በ30 ሴንቲሜትር 1 ሚሊሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ 2 ሜትር ከ10 በሆነ በር ላይ ግን 7 ሚሊሜትር ይሆናል፣ በሩም አይዘጋም። ውሃ ልክም እንዲሁ ይፈተናል፦ አረፋው የቆመበትን ያዩና እዚያው ቦታ ላይ ግራና ቀኙን ያዞሩታል። አረፋው ከወለሉ አንጻር ቀድሞ በቆመበት አቅጣጫና ልክ ካልቆመ ውሃ ልኩ ይዋሻል።

ለትልቅ ፍሬም ደግሞ ስኳድራ ብቻውን አይበቃም፤ ሜትር ይጨመራል። 90 በ210 ሴንቲሜትር የሆነ ፍሬም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም በኩል 228.5 ሴንቲሜትር ገደማ መምጣት አለበት። አራቱም ማዕዘን በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያያዝ፤ ሰያፎቹ ይለኩ፤ ረጅሙ ሰያፍ በክላምፕ ተስቦ ይስተካከል፤ ሙሉው ብየዳ ከዚያ በኋላ፣ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን እየተዘዋወረ ይምጣ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚያልፍ በያጅ ፍሬሙን እያጣመመ ነው የሚሄደው።

«ካሊፐር የቶርኖ ባለሙያ ዕቃ ነው»

ካሊፐር ዕቃን በመንጋጋው ይዞ ውፍረቱን ከሚሊሜትር ባነሰ ልክ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ብሎን የሚገዛ ሰው ሁሉ ያስፈልገዋል። ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን በካሊፐር ሲለካ 7.8 ወይም 7.9 ይመጣል፤ አልቆ አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ችግሩ የ5/16 ኢንች ብሎንም 7.9 ገደማ መሆኑ ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ በግድ የተጣመሩ ጊዜ ጥርሳቸው ተላልጦ ይቀራል። የሚለያቸው የጥርሱ ርቀት፣ ማለትም ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው፦ በተለመደው ባለ 8 ብሎን አሥሩ ጥርስ 12.5 ሚሊሜትር ይይዛል፣ ወፍራም ጥርስ ያለው የ5/16 ግን 14.1። ላሜራና ቱቦላሬም ሲገዛ ውፍረቱ በካሊፐር ይታይ፤ የተቆረጠው ጫፍ ላይ የቀረው ሸካራ ጠርዝ ግን አስቀድሞ በሞረድ ይነሳ፣ ካልሆነ ልኩን ያወፍረዋል። ከመለካት በፊት መንጋጋውን ዘግቶ ዜሮ ላይ መቆሙን ማየት አይዘንጋ።

«ግራይንደር ካለ ሞረድ ምን ያደርጋል?» ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፤ ግራይንደር ያነሳል፣ ሞረድ ያስተካክላል። ሞረድ የሚቆርጠው ወደፊት ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሲመለስ መጫን ጥርሱን ያደነዝዛል። ጠመኔ ቢቀባ የብረት ብናኙ ጥርሱ መካከል አይሰካም።

ሴጌቶም ላይ «ምላጭ ሁሉ አንድ ነው» ማለት ስህተት ነው። ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት፦ ለቀጭን ቱቦ በኢንች 32 ጥርስ፣ ለወፍራም ብረት 18።

«ለ8 ብሎን ቀዳዳው 8 ነው»

ብሎኑ አልፎ የሚሄድ ከሆነ 8 ጠባብ ነው፤ 9 ይሻላል። በማስኪዮ (ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ በሚያወጣው መሣሪያ) ጥርስ የሚወጣለት ከሆነ ደግሞ 8 ሚሊሜትር ከተበሳ ጥርስ የሚሆን ብረት አልቀረም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከብሎኑ ውፍረት የአንድ ጥርስ ርቀት ይቀነሳል። ለባለ 6 በ5፣ ለባለ 8 በ6.8፣ ለባለ 10 በ8.5 ይበሳል። 6.8 ከጠፋ 7 ያስኬዳል፤ ጥርሱ ትንሽ ሳሳ ያለ ይሆናል እንጂ ይይዛል። በ6.5 መብሳት ግን ማስኪዮውን ማስጨነቅ ነው። ዘይት ጠብ አድርገው ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ ያዙሩት፤ ወደኋላ መመለሱ ፍቅፋቂውን ይሰብረዋል። እጅ ላይ ከበድ ካለ አውጥተው ይጥረጉት። ማስኪዮ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ነው፤ ቀዳዳ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም።