በርንአውት ምንድን ነው? ቤታችን ቢሮ የሆነ ጊዜስ ለምን ባሰ?

አርብ ማታ ደክሞት የተኛ ሰው ሰኞ ጠዋት በርትቶ ከተነሣ፣ ድካም ብቻ ነበር። እንቅልፍ ይበቃዋል። አንዳንዱ ግን ቅዳሜና እሑድን ጠግቦ ተኝቶ፣ ሰኞ ገና ላፕቶፑን ሳይከፍት ይዝላል። ፈቃድ ወስዶ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሰንብቶ ይመጣና በሁለተኛው ቀን እዚያው ነው። በርንአውት የሚባለው ይህኛው ነው።

ነገሩን ወደ ሥነ ልቦና ጽሑፍ ያመጡት ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ናቸው። ጀርመን ተወልደው በልጅነታቸው ከናዚዎች ሸሽተው ኒውዮርክ የገቡ ባለሙያ ነበሩ። ቀን የራሳቸውን ታካሚዎች ያያሉ። ማታ ደግሞ የዕፅ ሱስ ያለባቸው ወጣቶች በነፃ በሚታከሙበት ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ ይሠራሉ። እዚያ በሙሉ ልባቸው የጀመሩ ሰዎች ከጊዜ በኋላ ሲነጫነጩ፣ ሲታመሙ፣ ለሚረዱት ሰው ሆዳቸው ሲደነድን አዩ። እሳቸውም አልቀረላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለዚህ የሚጋለጡት ከማንም በላይ ራሳቸውን ለሥራው የሰጡት መሆናቸውን ጻፉ። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ። እኛ ዘንድ ሥራ እጅ እጅ ያለው ሰው ቶሎ "ሰነፈ" ይባላል፤ ሲብስም "ጠገበ"።

ከእሳቸው በኋላ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲዋ ክርስቲና ማስላክ ከሱዛን ጃክሰን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1981 መለኪያ አወጡለት። ሦስት ነገር ያያሉ። አንደኛው መዛል ነው፤ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው የልብ መሸፈት ነው። ሰውየው ወንበሩ ላይ አለ፣ ልቡ ግን የለም፤ ባለጉዳይ ሲመጣበት ፊቱን ያጠቁራል፣ "ምን አገባኝ" ያበዛል። ሦስተኛው ደግሞ የሠራው ሥራ አይታየውም። "ብሠራ ብሠራ ጠብ አይልም" ይላል። ሥራ የበዛበት ሰው ሁሉ ይዝላል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ነገሩ የሚከፋው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስፍሮታል። ያሰፈረው ግን በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው። መነሻው ለረጅም ጊዜ የቆየና መላ ያልተበጀለት የሥራ ቦታ ጭንቀት ነው ይላል። ስለዚህ ሰው ከሥራው ውጭ ባለው ነገርም ሁሉ ደስታ ካጣ፣ ምግብና እንቅልፍ ከራቀው፣ መኖር ካስጠላው፣ ያ ድብርት ሊሆን ይችላል። ፈቃድ በመውጣት ብቻ አይለቅም፤ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ኮቪድ እንምጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችም ቤት እንዲቆዩ ተባለ። እውነቱን ለመናገር፣ ለአብዛኛው ሰው "ከቤት ሥራ" የሚባል ነገር አልነበረም። የጉልት ነጋዴዋ፣ የታክሲው ረዳት፣ ነርሷ ከቤት አይሠሩም። በውጭ አገር ያለውም ወገናችን ቢሆን፣ አረጋዊ የሚንከባከበው ወይም ታክሲ የሚነዳው ምርጫ አልነበረውም። ከቤት የመሥራት ዕጣ የደረሰው በላፕቶፕ ለሚያድረው ነው። የኤንጂኦ፣ የሶፍትዌር፣ የዋና መሥሪያ ቤትና የዩኒቨርሲቲ ሰው።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ የለም፣ ዝናብ የለም። ችግሩ፣ ያ የምንጠላው ሰልፍ ለካ ቀኑን የሚዘጋ በር ነበር። ታክሲ ውስጥ ተገፍተንም ቢሆን ከሠራተኛነት ወደ እናትነት፣ ወደ ጎረቤትነት እንሻገር ነበር። ቤት ሲሆን መሻገሪያው ይጠፋል። የሃርቫርድና የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ16 ታላላቅ ከተሞች ያሉ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሠራተኞችን የኢሜይልና የስብሰባ ሰዓት መዝነው ነበር። በኮቪድ የእንቅስቃሴ እገዳ የመጀመሪያ ሳምንታት የሥራ ቀኑ በአማካይ በ48.5 ደቂቃ ረዝሞ አገኙት። ስብሰባዎቹ እያንዳንዳቸው አጠሩ፣ ቁጥራቸው ግን በ13 በመቶ ገደማ ጨመረ።

እኛ ጋ ይሄ በቴሌግራም መጣ። ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ልጆቹ ገና መተኛታቸው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ ሳይሆን በግል፣ ከአለቃ ለአንዲት ሠራተኛ አንድ ቃል ትመጣለች፦ "አለሽ?" ብቻ። ሥራው ምን እንደሆነ አይገልጽም። መልስ ካልሰጠች አላየሁም ማለት አትችልም፤ ሁለቱ የማንበቢያ ጭረቶች ያጋልጣሉ። "አቤት" ካለች ሌሊቱ ተጀመረ። አንዳንዴ ሥራው አምስት ደቂቃ እንኳ አይወስድም። የሚያደክመው ያቺ ቃል በማንኛውም ሰዓት ልትመጣ የምትችል መሆኗ ነው።

ሴቶች ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነበር። ቤት የዋለች ሴት ሥራ ላይ ናት ብሎ የሚያስብ የለም። ስብሰባ መሃል አማት ይደውላሉ፣ "ቤት ነሽ አይደል?" እንግዳ ይመጣል፤ ቡና ሳይፈላለት አይሄድም። ልጁ በቴሌግራም የተላከለትን የቤት ሥራ የሚያሠራው እሷ ናት። ካሜራዋን አጥፍታ ሽንኩርት እየከተፈች ሪፖርት የሰማች ስንቷ ናት?

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የቀኑ ሥራ ወደ ሌሊት ይገፋል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ውጭ አገር ላለ አሠሪ በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው የዚያን ጊዜ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ሥራው በእጁ ነው፣ መሥራት ግን አይችልም። ማስላክና ባልደረባቸው ማይክል ላይተር ለበርንአውት መነሻ ናቸው ካሏቸው ስድስት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ በሥራህ ላይ ማዘዝ አለመቻል። የቀሩት የሥራ ብዛት፣ ተገቢውን ክፍያና ምስጋና ማጣት፣ የባልደረባ መራራቅ፣ አድልዎና ከእምነትህ ጋር የሚጋጭ ሥራ ናቸው። ልብ በሉ፣ አንዱም "ሰውየው ጠንካራ አይደለም" አይልም።

ታዲያ ከቤት መሥራት ራሱ ነው ጥፋተኛው? አይመስለኝም። ከኮቪድ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ፣ ሲትሪፕ የሚባል የቻይና የጉዞ ኩባንያ የስልክ መልስ ሰጪዎቹን ለዘጠኝ ወር ቤት አሠርቶ ሞክሯል። የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን አጠኑት። የሥራ ውጤታቸው በ13 በመቶ አድጎ ተገኘ። ግን ቤት የዋሉት ሰዎች ፈቃደኞች ነበሩ፤ ለብቻ የሚሠሩበት ክፍል ያላቸው ብቻ ናቸው የተመረጡት፤ በሳምንት አንድ ቀንም ቢሮ ይገቡ ነበር። ያም ሆኖ ሙከራው አልቆ እንደገና ምረጡ ሲባሉ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሐሳባቸውን ለወጡ። ብቸኝነቱ አንዱ ምክንያት ነበር። ኮቪድ ሲመጣ ግን የጠየቀን የለም። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራት ሰው ሆኖ የተለየ ክፍል ከየት ይመጣል?

ብዙ መሥሪያ ቤቶች መልስ የሰጡት በሌላ መንገድ ነው። ስለ ሠራተኛ ደኅንነት በዙም ሥልጠና አዘጋጁ። አንዳንዱ በምሳ ሰዓት። ቀኑን ሙሉ የራሱን ፊት ስክሪን ላይ ሲያይ ለዋለ ሰው ሌላ ስክሪን! ጥልቅ መተንፈስና ስፖርት አይጠቅምም አልልም፤ የሥራውን ጫና ግን አይቀንስም። ጫናው ደግሞ ስሜት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ይበልጣል።

አንዳንድ አገሮች በሕግ ገብተውበታል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት በኋላ ስልኩን የመዝጋት መብት አለው አለች። ፖርቱጋል በ2021 መጨረሻ፣ አስገዳጅ ነገር ካልገጠመ በቀር አሠሪ ሠራተኛውን በእረፍቱ ሰዓት እንዳያገኘው ከለከለች። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ የለም ይላል። ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 አይበልጥም፤ ክፍያውም ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። የማታዋን "አለሽ?" ትርፍ ሰዓት ብሎ የሚመዘግብ የሰው ኃይል ክፍል ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

አለቃ ከሆናችሁ ከትንሹ ጀምሩ። ሐሳቡ ማታ ከመጣላችሁ እንዳይጠፋ ጻፉት፣ ነገር ግን አትላኩት። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ብትይዙት፣ መልእክቱ ጠዋት 2:30 ላይ እንዲደርስ ቀጠሮ ያስይዝላችኋል። ስትጽፉም "አለሽ?" ብላችሁ አትተዉ፤ ጉዳዩን፣ እስከ መቼ እንደሚፈለግም ጨምሩበት።